ሰንጢ ለመፈንቀያ ይሆናልን?
ስለት፣ ሌቨርና የብረት ባሕርይ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው መንገድ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ያቀናል። ሁለተኛው የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ በገዋኔና በሚሌ በኩል የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ወደሆነችው ሰመራ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጅቡቲ ወሰን ይደርሳል። ይህ ሁለተኛው መንገድ የጅቡቲን ወደብ ከመሀል አገር ጋር ከሚያገናኙት ዋና ዋና መስመሮች አንዱ ሲሆን፣ በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀት ረጅም፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው።

በዚህ ጎዳና የሚመላለስ ሾፌር፣ ረዳት ወይም ተማሪ በኪሱ ሰንጢ ቢይዝ የሚያስገርም አይደለም። ሰንጢ ገመድ ይቆርጣል፣ ሐብሐብ ይከፍላል፣ ማዳበሪያ ይቀድዳል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ከዚህ የተለየ ሥራም ይሰጠዋል። በጭነት መኪና መንታ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ማስለቀቅ፣ በሸለቆው የተስፋፋው የፕሮሶፒስ ዛፍ እሾህ ጎማ ሲወጋ ፈልቅቆ ማውጣት፣ የዛገ ክዳን መፈንቀል፣ የሣጥን ሳንቃ ማላቀቅና የመሳሰለው ሁሉ ለሰንጢ ጫፍ ይተዋል። ሥራው አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሰንጢው ጫፍ ይሰበራል ወይም ስለቱ በያዘው ሰው ጣት ላይ ይታጠፋል። ለመሆኑ ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? የሰንጢው ጥራት ማነስ ነው ወይስ ሥራው ራሱ ለሰንጢ የማይገባ ነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚክስና ከብረታ ብረት ሳይንስ አንጻር እንመረምራለን።

መቁረጥና መፈንቀል

መቁረጥና መፈንቀል በአንድ እጅ የሚከናወኑ ሥራዎች ቢሆኑም ከመሣሪያው የሚጠይቁት ነገር ተቃራኒ ነው።

በመቁረጥ ጊዜ የሚያስፈልገው ከፍተኛ ግፊት ነው። ግፊት ማለት ደግሞ ኃይል ለሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። የአንድ የተሳለ ሰንጢ አፍ ውፍረት 0.002 ሚሊ ሜትር፣ ከሚቆረጠው ነገር ጋር የሚነካካው ርዝመት ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የሚያርፍበት ስፋት 0.04 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። እጃችን በ10 ኒውተን ኃይል፣ ማለትም አንድ ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝን ጫና ብቻ ቢገፋ፣ ግፊቱ 250 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ያንኑ ኃይል 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የሰንጢው ጀርባ ብናሳርፈው ግፊቱ 0.2 ሜጋፓስካል ብቻ ነው። ስለሆነም ለመቁረጥ የተሻለው ስለት ቀጭኑ ስለት ነው።

በመፈንቀል ጊዜ ግን ሰንጢው ስለት መሆኑ ይቀርና ሌቨር ይሆናል። የሌቨር ሕግ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንደምናውቀው፣ በአንዱ ወገን ያለው ኃይል ከመደገፊያው ነጥብ ባለው ርቀት ሲባዛ፣ በሌላው ወገን ካለው የኃይልና የርቀት ብዜት ጋር እኩል ነው የሚል ነው። ይህ ብዜት ሞመንት ይባላል። አሁን የሰንጢው ጫፍ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ስንጥቅ ገብቷል፣ የስንጥቁ ከንፈር መደገፊያ ሆኗል፣ እጃችንም ከዚህ መደገፊያ 150 ሚሊ ሜትር ርቆ እጀታውን ወደ ጎን በ50 ኒውተን ይገፋል እንበል። 50 ኒውተን አምስት ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ክብደት ያህል ነው፤ ለማንኛውም ጤነኛ ሰው ቀላል ኃይል ነው። ይሁንና በሌቨር ሕግ መሠረት በጫፉ ላይ የሚያርፈው ኃይል 50 በ150 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 750 ኒውተን ይሆናል። ይህም የአንድ ሙሉ ሰው ክብደት ነው። ሰንጢውን የያዘው ሰው ጀሪካን የማንሳት ያህል ቢሰማውም፣ ቀጭኑ ጫፍ ሰው እንዲሸከም ተጠይቋል ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የሚታጠፍ ነገር የሚደርስበት ውጥረት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፦ በሞመንቱ መጠንና በነገሩ ቅርጽ። አራት ማዕዘን ቁመና ላለው ብረት፣ ቅርጹ ለመታጠፍ የሚሰጠው መከላከያ ወርዱ በውፍረቱ ካሬ ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ውፍረቱ ካሬ መሆኑ ነው። ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ መከላከያው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል።

ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ በስንጥቁ ከንፈር ላይ ያለው የሰንጢ ክፍል ወርዱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ መከላከያው 8 በ2.25 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 3 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው። ሞመንቱ 50 በ150 ሲባዛ 7,500 ኒውተን ሚሊ ሜትር ነው። ሞመንቱን ለመከላከያው ስናካፍል ውጥረቱ 2,500 ሜጋፓስካል ይሆናል። በሚገባ የጠነከረ የሰንጢ ብረት ከመሰበሩ በፊት ሊቋቋመው የሚችለው ውጥረት ደግሞ 2,000 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ስለዚህ በአምስት ሊትር ጀሪካን ክብደት ያህል ኃይል ጥሩ የሚባለው ሰንጢ እንኳ ጫፉ ይሰበራል። ስሌታችን ወደ አፉ እየሳሳ የሚሄደውን የስለት ቅርጽ እንደ አራት ማዕዘን የቆጠረ በመሆኑ፣ እውነተኛው ሁኔታ ከዚህ የከፋ እንጂ የተሻለ አይሆንም።

አሁን ደግሞ በሰንጢው ፋንታ ወርዱ 20፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የብረት መፈንቀያ እንውሰድ። መከላከያው 20 በ36 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 120 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው። ለዚያው ሞመንት ውጥረቱ 62.5 ሜጋፓስካል ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ አርባ እጥፍ ነው። ይህ ልዩነት የመጣው ከብረቱ ዋጋ ወይም ከአምራቹ ስም ሳይሆን ከቅርጹ ብቻ ነው።

ሁለት አቅጣጫ፣ ሁለት አደጋ

እስካሁን የተነጋገርነው ሰንጢውን ወደ ጎን ስለማጣመም ነው። አንዳንዶች ይህን በመገንዘብ ሰንጢውን በቁመቱ፣ ማለትም አፉንና ጀርባውን ወደ ላይና ወደ ታች አድርገው ይፈነቅሉበታል። በእርግጥም በዚህ አቅጣጫ ወርድና ውፍረት ቦታ ይለዋወጣሉ። መከላከያው 1.5 በ64 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 16 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ውጥረቱ ወደ 470 ሜጋፓስካል ዝቅ ይላል፤ ጫፉም ላይሰበር ይችላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሰንጢ ከሌላው ቢላዋ የሚለይበት ጉዳይ ይመጣል። ሰንጢ ታጣፊ ነው። ስለቱና እጀታው የሚገናኙት በአንዲት ማጠፊያ ፒን ሲሆን፣ ስለቱ ተዘርግቶ እንዲቆይ የሚያደርገው በጀርባ በኩል ያለ ሞላ ወይም አነስተኛ መቆለፊያ ነው። ማጠፊያው የተሠራው በስለቱ ቁመት አቅጣጫ እንዲንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ በዚህ አቅጣጫ ጀርባው እንዲጫን አድርገን ስንፈነቅል፣ ስለቱን ለመዝጋት የሚታገለው ኃይል በሙሉ በዚያ ትንሽ ሞላ ላይ ያርፋል። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ሞላው ሲሸነፍ በቅጽበት ይታጠፋል፤ እጀታውን የጨበጡት ጣቶችም በስለቱ መንገድ ላይ ይገኛሉ። መቆለፊያ ያለው ሰንጢ የተሻለ ዋስትና ይሰጣል፤ ሆኖም መቆለፊያው የተቀየሰው በመቁረጥ ጊዜ ለሚያጋጥም ጫና እንጂ ለመፈንቀያ አይደለም።

ወደ ጎን ሲፈነቀልም ፒኑ ከጉዳት አያመልጥም። ከማጠፊያው እስከ እጃችን ያለው ርቀት 70 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ50 ኒውተን 3,500 ኒውተን ሚሊ ሜትር ሞመንት ይፈጠራል። ይህን ሞመንት የሚሸከመው የስለቱ ሥር በእጀታው ግድግዳዎች መካከል የተያዘበት 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ስለሆነ፣ ፒኑንና ግድግዳዎቹን የሚገፋው ኃይል 350 ኒውተን ይሆናል። ፒኑ ይላላል፣ ስለቱ ይወላገዳል፣ ከዚያ በኋላ መቆለፊያው በትክክል አይገጥምም። እንዲህ ያለው ሰንጢ በዕለቱ ምንም ጉዳት ያላደረሰ ቢመስልም በሌላ ቀን ገመድ ሲቆረጥበት ሊታጠፍ ይችላል።

ባጭሩ አንደኛው አቅጣጫ ብረቱን ይሰብራል፣ ሁለተኛው ስለቱን በጣት ላይ ይዘጋል።

ጠንካራ ብረት ለምን ይሰበራል?

«ብረቱ ጠንካራ ከሆነ እንዴት ይሰበራል?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ጥንካሬ የምንለው ቃል በሳይንስ ሁለት የተለያዩ ባሕርያትን ይይዛል። አንደኛው መጫርንና መሰርጎድን የመቋቋም ብቃት ነው፤ የስለት አፍ ቶሎ እንዳይደንዝ የሚያደርገው ይህ ነው። ሁለተኛው ሳይሰበር ተጣምሞ ኃይልን የመዋጥ ብቃት ነው። መስተዋት በመጀመሪያው ከመዳብ ይበልጣል፤ በሁለተኛው ግን መዳብ ከመስተዋት እጅግ ይበልጣል።

ብረት ሠሪ ቢላዋ ሲሠራ ብረቱን አግሎ ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ ጊዜ በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ከቦታው ለመሸሽ ጊዜ ስለማያገኝ፣ በጀርመናዊው የብረታ ብረት ሊቅ በአዶልፍ ማርተንስ ስም ማርቴንሳይት ተብሎ የሚጠራው እጅግ ጠንካራ፣ ነገር ግን ተሰባሪ መዋቅር ይፈጠራል። ተሰባሪነቱን ለማለዘብ ብረቱ እንደገና በመጠኑ ይሞቃል። ብዙ ሲሞቅ ለስብራት ያለው መቋቋም ይጨምራል፤ አፉ ግን ቶሎ ይደነዝዛል። የሰንጢ ስለት ስለቱን ይዞ እንዲቆይ ስለሚፈለግ ሮክዌል ሲ በተባለው መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ56 እስከ 60 ባለው ደረጃ ይተዋል። መፈንቀያ ብረት ግን ሆን ተብሎ ከዚያ ዝቅ እንዲል ይደረጋል፤ ከመጠን በላይ ሲጫን ይጎብጣል እንጂ በድንገት አይሰበርም። መጉበጡ ለሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። የሰንጢ ጫፍ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰበራል፤ በመጣመሙ ያጠራቀመው ኃይልም ስባሪውን ወደ ዓይን ሊያስፈነጥረው ይችላል።

የሰመራ ሙቀት ብረቱን ያለዝበዋልን? አያለዝበውም። የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያልፍና ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለ ብረት ከዚያ በላይ ቢግል እንኳ፣ የጠነከረ ብረትን ባሕርይ ለመለወጥ ከ150 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። ሙቀቱ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፤ ላብ እጅን ያንሸራትታል። ጨውም የራሱ ድርሻ አለው። በአፍዴራ ጨው በሚጫንበት አካባቢ የጨው ብናኝ ስለት ላይ ሲያርፍ «አይዝጌ» የሚባለውን ብረት ሳይቀር ጥቃቅን ጉድጓዶች ሊያወጣበት ይችላል። ስብራት ደግሞ የሚጀምረው ከእንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ነው።

የአዋሽ ሸለቆ ምስክርነት

ለመቁረጫና ለመስበሪያ የተለያየ መሣሪያ መያዝ አዲስ ግኝት አይደለም። ማስረጃውም ከዚሁ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ድንቅነሽ ከተገኘችበት ከሐዳር አጠገብ ባለችው ጎና የተገኙትን የድንጋይ መሣሪያዎች ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ይፋ አድርገዋል። ዕድሜያቸው ከ2.5 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፣ በኬንያ ሎሜክዊ የተገኙት የ3.3 ሚሊዮን ዓመት መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪገለጹ ድረስ በዓለም ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ከጎና ግኝቶች መካከል ከድንጋይ ላይ የተፈለጡ ቀጫጭን ስለቶች ይገኙበታል።

በመካከለኛው አዋሽ ቡሪ በተባለው ስፍራ የተገኙና እ.ኤ.አ. በ1999 የተገለጹ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የእንስሳት አጥንቶች ደግሞ ሁለት ዓይነት ምልክት ይታይባቸዋል። አንደኛው ሥጋ ሲቆረጥ ስለት የተወው ቀጭን ጭረት ነው። ሁለተኛው መቅኒ ለማውጣት አጥንቱ በድንጋይ ሲመታ የተፈጠረ የምት ምልክት ነው። ሥጋውን የቆረጠው ስለታም ድንጋይ፣ አጥንቱን የሰበረው ደግሞ ከባድ ድንጋይ ነው።

በዚያው በአፋር ክልል፣ ከሰመራ በስተሰሜን ርቆ በሚገኘው የዳሎል ረባዳ፣ ሠራተኞች የጨው ንጣፍ የሚያወጡበት ዘዴም ይህንኑ ያሳያል። ንጣፉ በመጥረቢያ ይሰነጠቃል፤ ረጃጅም የእንጨት ዘንጎች ወደ ስንጥቁ ገብተው በኅብረት ሲጫኑ ንጣፉ ይፈነቀላል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሠራተኛ በስለታም መሣሪያ ጠርቦ አሞሌ ያደርገዋል። እንጨት ከብረት በብዙ የሚለሰልስ ቢሆንም ወፍራምና ረጅም ስለሆነ ንጣፉን ያነሳል። የጠራቢው ስለት ለመፈንቀያ አይውልም።

የኪስ ሰንጢ ሠሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ስዊዘርላንዳዊው ካርል ኤልስነር እ.ኤ.አ. በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ በጀመረ ጊዜ፣ ሰንጢው ከስለቱ ሌላ ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ነበረው። ካቻቢቴው ያስፈለገው ወታደሩ ጠመንጃውን እንዲፈታበት ነው። በስለቱ ጫፍ ብሎን ይፍታ አልተባለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የጥያቄያችን መልስ የሚከተለው ነው። ሰንጢ ለመፈንቀያ አይሆንም። በሁለት ጣት ኃይል ብቻ የሚላቀቅ ነገር፣ ለምሳሌ የተለጠፈ ወረቀት፣ ጉዳት አያስከትልም። ክንድ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ግን የሌላ መሣሪያ ሥራ ነው።

ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ከሰንጢው ጋር ጠንካራ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አጭር የብረት መፈንቀያ በመኪናው ቢይዝ ይመከራል። የጎማ እሾህ በፒንሳ ተይዞ ይሳባል እንጂ በጫፍ አይፈለቀቅም። በመንታ ጎማ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ በመፈንቀያ ብረት ወይም በወፍራም ዘንግ ይወጣል። ብረት ከሌለ ሸለቆውን የሞላው የፕሮሶፒስ እንጨት ራሱ ከሰንጢ የተሻለ ሌቨር ይሆናል፤ የሰንጢው ሥራ እንጨቱን መጥረብና ጫፉን እንደ ሽብልቅ ማሾል ነው። ከዚህ ቀደም የተፈነቀለበት ሰንጢ ካለ ስለቱ ወደ ጎን ይወላገድ እንደሆነና መቆለፊያው ይገጥም እንደሆነ መመርመር ያሻል።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ጥቂት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። የሚደማ ጣት በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። ደሙ ከቆመ በኋላ ጣቱ እንደ ወትሮው የማይታጠፍ ወይም የማይሰማ ከሆነ ጅማት ወይም ነርቭ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ የተቆረጠ ጅማት ካልተሰፋ ጣቱ እንደደረቀ ሊቀር ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጉዳይም ሐኪሙ ዘንድ ይነሳ። ስባሪ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን አይታሽም፣ ስባሪውም አይነቀልም፤ ሳይጫኑ ከልሎ ወደ ሕክምና መድረስ ነው። በሰመራ አቅራቢያ ዱብቲ ላይ ሆስፒታል አለ፤ በገዋኔና በሚሌ መካከል ባለው ምድረ በዳ ለተጎዳ ሰው ግን መንገዱ ረጅም ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የአንድ ካቻቢቴ ዋጋ ከጣት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በምሳሌያችን የስለቱ ውፍረት ከ1.5 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ውጥረቱ ስንት ይሆናል? ታዲያ አምራቾች ሁሉንም ሰንጢ እንዲህ አወፍረው የማይሠሩት ለምንድን ነው?

2. ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ማስመሪያ ግማሹን ጠረጴዛ ላይ አስይዛችሁ ግማሹን አንጠልጥሉ። ጫፉ ላይ ትንሽ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ስቀሉ። መጀመሪያ ማስመሪያውን በጠፍጣፋው፣ ቀጥሎ በጠርዙ አቁማችሁ የጎበጠበትን መጠን ለኩ። ያገኛችሁትን ልዩነት በወርድና በውፍረት አስረዱ።

3. የሰንጢው ጫፍ ወደ ስንጥቁ የገባው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንና ሌላው ሁሉ ባይለወጥ፣ በጫፉ ላይ የሚያርፈው ኃይል ስንት ይሆናል? ጫፉ ወደ ፊት እየቀጠነ የሚሄድ መሆኑንስ ስታስቡ የመሰበሩ ዕድል ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ 625 ሜጋፓስካል፣ የሦስተኛው ደግሞ 1,500 ኒውተን ነው። የቀረውን በክፍላችሁ ተወያዩበት።